የፈርዶሳ ብልቃጦች

ሮቤ፣ ነሐሴ 4 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈርዶሳ መሀመድአወል፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱሁ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ጉልበቴ እንደ ክረምቱ ነው፤ አንዳንድ ቀን ይከፋል፣ አንዳንድ ቀን ይተወኛል።

የላክሽው ወረቀት ደርሶኛል። «አዮ፣ ማን ነገረሽ?» ብለሻል። የነገረኝ ማር ነጋዴው ባዳሳ ነው። ሊደብቅልሽ ሞክሯል፣ አትቀየሚው። ማሩን ከመኪና እያወረደ «ልጅዎ ሰላም ብላለች» አለኝ። «አዲስ አበባ ሄደህ ነበር እንዴ?» አልኩት። ዝም አለ። ባዳሳ ዝም ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? ያኔ ገባኝ።

አዲስ አበባ ቢሮ ውስጥ ነኝ እያልሽኝ ሃረና ጫካ ገብተሻል። መስከረም ላይ ወንድምሽን አብዲን የወሰደው ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለሽ ተቀምጠሻል። ከቀበርነው ገና ዓመት እንኳ አልሞላውም። አሁንም እንደዚያን ጊዜው በዝናብ ነው የሄድሽው።

ፊደሌ ካስቸገረሽ ታገሺኝ። ኦሮምኛውን በቁቤ መጻፍ አልችልም፤ እኔ በልጅነቴ በመሠረተ ትምህርት የቆጠርኩት ይህንኑ ነው። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ስለገባሽ ምን ላድርግ። ቅቤ ገዢ በመጣ ቁጥር እያቋረጥኩ፣ እጄን እየጠረግሁ፣ ቀስ ብዬ እጽፋለሁ።

የምፈራውን ልንገርሽ። ከሱቄ በር ላይ ቆሜ ወደ ሳነቴ ሳይ ተራራው ይታየኛል። ጠዋት የምነሳው እንደ ድሮው ለገበያ አይደለም፣ ደመናውን ለማየት ነው። አንቺ ከታች ጫካው ውስጥ ፀሐይ ስትሞቂ ላይ ሳነቴ ላይ ይዘንባል። ውኃው ሳይናገር ይወርዳል። በአብዲ ላይም እንዲሁ ነው የወረደበት፤ «ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር» ብለሽ የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ደመናውን እኔ አያለሁ፣ አንቺ አታዪውም፤ ብጮህ አትሰሚኝም።

ድንኳኑን ከወንዙ ምን ያህል አራቅሽው? ለጊዜው እሱን ብቻ መልሺልኝ። ሌላውን ሌላ ጊዜ እንነጋገራለን።

እናትሽ ረቢያ


ሃረና፣ ነሐሴ 21 ቀን 2016 ዓ.ም.

ውድ አዮ፣

ይቅር በይኝ። ድንኳኑ ያኔ የነበረበት ቦታ ላይ አይደለም። ዳገቱን ወጥቼ፣ ከትልቁ ዝግባ በላይ ነው የተከልኩት። ውኃው እዚያ ደርሶ አያውቅም ይላሉ ሽማግሌዎቹ። ስለ ድሮውም ቦታ እንደዚያ ብለው እንደነበር ልጽፍልሽ አልፈለግሁም ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት ሰልችቶኛል።

ለምን በዝናብ ሆነ ላልሽው፣ የወንዟ ዝንብ በበጋ ስለማትታይ ነው። ትንሽ ናት፣ ጥቁር፣ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ። የምትራባው በሚሮጥ ውኃ ውስጥ፣ ድንጋይና ቅጠል ላይ ተጣብቃ ነው። ሰው ስትነክስ የማይታይ ትል ታስገባበታለች። መጀመሪያ ቆዳው ያሳክከዋል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ ዓይኑ ይጠፋል። መድኃኒት አለው፣ በነፃ ይታደላል። ለዚህ መንደር ግን አይታደልም። ከዓመታት በፊት ሊያጠና የመጣው ሰው በበጋ መጥቶ፣ ወንዙ ቀጥኖ አይቶ፣ «ዝንብ የለም» ብሎ ጽፎ ሄደ። ከዚያ ወዲህ በዝናብ የመጣ የለም። ከእኔና ከአብዲ በቀር።

ስለ እግሬ አትጨነቂ። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ እሰበስባለሁ፤ ዝንቧ ስታርፍ፣ ሳትነክሰኝ ብልቃጥ እደፋባታለሁ። አንዳንዴ ትቀድመኛለች። መድኃኒቱን እወስዳለሁ። ገና ክንፍ ያላወጡትን ደግሞ ከድንጋዩ ላይ ለቅሜ፣ እስኪፈለፈሉ እርጥብ ወረቀት ላይ አድርጌ በብልቃጥ አስቀምጣቸዋለሁ። ዘራቸው በደንብ የሚለየው ክንፍ ሲያወጡ ነው። የመንደሩ ልጆች እየመጡ ያያሉ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው። አዴ ሰቢሪና የሚባሉ ዓይናቸው የጠፋ አሮጊት ወተት ይልኩልኛል።

አንዷ ልጅ «ዝንብ መቼ ጀመርሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ግራ ገባኝ። አንቺ ታስታውሻለሽ?

ልጅሽ ፈርዶሳ


ሮቤ፣ መስከረም 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈርዶሳ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን፣ በተቀመጥሽበት ሁሉ አላህ ይጠብቅሽ።

አስታውሳለሁ እንጂ። ትምህርት ቤት ሳትገቢ ነው። ጭራ አስይዤ «ዝንቡን እሽ በዪ» ብዬ ቅቤው አጠገብ አስቀመጥኩሽ። ስመለስ ጭራው መሬት ወድቋል፤ አንቺ በሆድሽ ተኝተሽ ቅቤው ላይ ያሉትን ዝንቦች ታያለሽ። «አዮ፣ ይቺ እጇን ትታጠባለች። ያቺ ግን ሌላ ናት፣ ሆዷ አረንጓዴ ነው» አልሽኝ። ገዢዋ በሳቅ ሞተች። ቅቤውን ግን አልገዛችም።

አባትሽ አላህ ይርሀመውና «ይቺ ልጅ ዶክተር ትሆናለች» ይል ነበር። ሆንሽ። የዝንብ ይሆናል ብሎ ግን አልጠረጠረም። ዩኒቨርሲቲ ገብተሽ በመጀመሪያው ዕረፍት ስትመጪ ሻንጣሽን ከፈትኩ፤ ልብስ ይኖራል ስል በመርፌ የተወጉ ዝንቦች በሣጥን ተደርድረዋል። ከዚያ ጎባ ተቀጥረሽ በየገጠሩ የሕፃናት ዓይን ላይ የሚያርፈውን ዝንብ ትይዢ ነበር። ያ የጎባው መምህር ሊያጭሽ መጥቶ «ዝንብ ተምሮ ምን ይሆናል?» ሲልሽ «አንተስ ተምረህ ምን ሆንክ?» አልሽው። ሻዩን እንኳ አልጨረሰም። እኔም ያን ቀን ጮኼብሻለሁ፤ ሰውየው ከሄደ በኋላ ግን ብቻዬን ጓዳ ገብቼ ስቄያለሁ። ይህን ነግሬሽ አላውቅም።

ገበያ ላይ ሴቶቹ «ሃዳ ቲቲሳ»፣ የዝንብ እናት፣ እያሉ ይለክፉኝ ነበር። ዶክተር ተብለሽ ስለ ወንዝ ዝንብ በሬዲዮ ያወራሽ ዕለት ዝም አሉ። ከዚያ ትንሽ ቆይተው እንደገና ጀመሩ።

ያልሳቀብሽ አብዲ ብቻ ነው። ባጃጁ ጀርባ ላይ ትልቅ ዝንብ አስሎ ከሥሩ «የእህቴ ሥራ» ብሎ አጻፈ። ተሳፋሪ ሲጠይቀው ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ስለ አንቺ ያወራል። አሁን ባጃጁን ሌላ ሰው ነው የሚነዳት። ዝንቧን አላጠፋትም። በሱቄ ፊት ስታልፍ እጄ ላይ ያለውን ሚዛን አስቀምጣለሁ።

ዓመቱን ዱዓ አስደርገናል። ሰው መጣ፣ በላ፣ አሚን አለ። አንድ ነገር ልብ አልኩ። ድሮ ሁሉም «ሃዳ አብዲ» ነበር የሚሉኝ፣ የአብዲ እናት። አሁን «ረቢያ» ይሉኛል። ሊያሳዝኑኝ ስለማይፈልጉ ነው፤ ግን ስሜንም ከእሱ ጋር የቀበሩት ይመስለኛል። ባዳሳ ብቻ ይረሳና በድሮው ይጠራኛል፤ ወዲያው ምላሱን ይነክሳል።

ትናንትም «ሃዳ አብዲ» አለኝና ምላሱን ነከሰ። ከዚያ «ማር ዘንድሮ የለም» አለ።

«ለምን?»

«ንቡ ቀፎውን ጥሎ ሄደ።»

«ዝናቡ በዝቶበት ነዋ።»

«እኔም እንደዚያ እላለሁ። ሰዎቹ ግን ሌላ ነው የሚሉት።»

«ምን ይላሉ? ንገረኝ አንተ ሰው።»

«እንግዲህ... ልጅዎ በብልቃጥ ዝንብ ታረባለች ነው። ክንፍ አውጥቶ ሲወጣ ልጆቹ በዓይናቸው አይተዋል። ዝንቡ ንቡን አባረረው፣ ዘንድሮ ንክሻውም በዛ ይላሉ።»

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔማ ማር ነጋዴ ነኝ። ማር ከሚሸጥልኝ ሰው ጋር አልከራከርም።»

ፈርዶሳ፣ «ሰዎቹ ደጎች ናቸው» ብለሽ ጽፈሻል። ሳልጠይቅሽ ሰው ደግ ነው የምትዪው ስትፈሪ ነው፤ ከልጅነትሽ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። ለሌላው ሰው ዝም በዪ። ለእኔ ግን አይሆንም።

እናትሽ ረቢያ


ሮቤ፣ ጥቅምት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈርዶሳዬ፣

ሰላምታውን ለሌላ ጊዜ አቆይልሻለሁ። ባዳሳ ጫካው አፍ ላይ ካለችው ከሪራ ተመልሶ ያለ ደብዳቤ መጣ። «ለምን አልጻፈችም?» ስለው «ሥራ በዝቶባት ይሆናል» ይለኛል፤ ፊቱን ግን አያዞርልኝም። ልይዘው ስል መኪናው ውስጥ ገባ። በኋላ ሚስቱ ጋ ሄጄ ነው የሰማሁት።

በሚመጣው ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሽማግሌዎቹ ስለ አንቺ ሊቀመጡ ነው። ወጣቶቹ ግን ሽማግሌ አንጠብቅም፣ ድንኳኑን ከነብልቃጡ እናቃጥላለን ይላሉ አሉ። ቀፎው ባዶ የቀረበት ሰው ምን እንደሚያደርግ አላውቅም። ለእነሱ ማሩ የልጆቻቸው ልብስ ነው፣ የዓመት ቀለባቸው ነው። ክፉዎች ስለሆኑ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ይበልጥ የሚያስፈራኝም ይኸው ነው።

ሳነቴ ከትናንት ወዲያ ጀምሮ አይታይም። ደመና ውጦታል። ከላይ ውኃ፣ ከጎን እሳት፤ አንቺ መሃል ነሽ። ሶላቴን ስሰግድ እንኳ ጆሮዬ ውጭ ነው። ሰው በር ባንኳኳ ቁጥር፣ ያን ጊዜ የአብዲን ነገር ሊነግሩኝ የመጡት ሰዎች እንዴት እንደቆሙ ይታየኛል። ማንም ቀድሞ መናገር አልፈለገም ነበር።

ውጪ። ዝንቡን ተይውና ውጪ። የዚያ መንደር ሰው ዓይን የሚያሳዝነኝን ያህል ልጄም ታሳዝነኛለች፤ የቀረችኝ አንድ ናት።

እናትሽ


ሃረና፣ ጥቅምት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አዮ፣

ጽሑፌ የተበላሸው ስለ ቸኮልኩ ነው፤ እጄ ምንም አልሆነም። ባዳሳ መኪናውን አስነስቶ እየጠበቀኝ ነው።

የሰማሽው እውነት ነው። አልወጣም ግን። ከያዝኳቸው ዝንቦች ውስጥ ትሉን አግኝቻለሁ። በዓይኔ አየሁት፣ ይንቀሳቀሳል። ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ብልቃጡ ውስጥ ያሉት ተፈልፍለው የዝንቧ ዘር በትክክል መታወቅ አለበት። አለዚያ ጤና ቢሮው አይቀበለኝም፤ መድኃኒቱም ለዚህ መንደር አይመጣም። አሁን ጥዬ ብወጣ በዝናብ ደግሞ ማን ይመጣል? አብዲ ያን ሁሉ ዕቃ የተሸከመው ለዚህ ነበር።

አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ፤ እንዳትመጪ። መንገዱ ጭቃ ነው። ወንዙንም እንድታዪው አልፈልግም።

ፈርዶሳ


ጎባ፣ መናኸሪያ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፈርዶሳ፣

እንዳትመጪ ብለሻል። ይህን ወረቀት ቀድሞ ለሚሄድ ሹፌር እሰጠዋለሁ፤ ስታዪኝ እንዳትደነግጪ ብዬ ነው። ባዳሳ ጎማ እያስቀየረ ነው፣ እንደጨረሰ እንነሳለን።

ሲንቄዬን ይዣለሁ። ስዳር እናቴ በእጄ የሰጠችኝ፣ ከእኔ ጋር አባትሽ ቤት የገባው ያ ቀጭን በትር። በኛ አገር ወንዶች ሲጣሉ ሴት ሲንቄዋን ይዛ መሃል ከቆመች እጅ ይወርዳል። እሱን ጥሶ የሚያልፍ ርግማን አለበት። የዛሬ ልጆች ይህን ያውቁ እንደሆነ አላውቅም። አጎትሽ «የድሮ ነገር ነው፣ ተይው» አለኝ። ተውኩት፤ እሱ ከወጣ በኋላ ግን ቅቤ ቀባሁትና ከመጋረጃው ጀርባ አወጣሁት።

ለሰርግሽ ያስቆረጥኩልሽ ግን በሩ ጀርባ እንደቆመ ነው። እሱን አላመጣሁም።

እፈራለሁ፣ ልጄ። ሰዎቹን እፈራለሁ፣ ከእነሱ በላይ ወንዙን እፈራለሁ። ድምፁን ስሰማ ምን እንደምሆን አላውቅም። ዓይኔን ጨፍኜም ቢሆን እመጣለሁ። ባዳሳ «ሃዳ አብዲ፣ ከፊት ይቀመጡ፣ መንገዱን እያዩ ይጩኹብኝ» እያለኝ ነው። ዛሬስ ምላሱን አልነከሰም።

እናትሽ


ሮቤ፣ ኅዳር 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፈርዶሳ መሀመድአወል፣

አሰላሙ አለይኩም። የላክሽው ደብዳቤ በጥያቄ ተሞልቶ መጣ፤ ከቀላሉ ልጀምር።

እግሬ ደህና ነው። ዝንቧ የነከሰችኝ ቦታ አብጦ ነበር፣ ሲያሳክከኝም ከረመ፤ አሁን ትቶኛል። የሰጠሽኝን መድኃኒት ውጬአለሁ።

«ለምን እንደዚያ አደረግሽ?» ብለሻል። እኔም በደንብ አላውቀውም። ሲንቄዬን ድንኳንሽ ፊት ተክዬ ስቆም በትሩ የቆመው በእኔ ጉልበት ነው ብለሽ አስበሽ ከሆነ ተሳስተሻል፤ እኔ ነኝ በእሱ የቆምኩት። ያ ክብሪት የያዘው ጎረምሳ «እማማ፣ ዞር ይበሉ» ሲለኝ በትሩን ይበልጥ ተደገፍኩት። አዴ ሰቢሪና ባይመጡ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር አላስብም። በእጃቸው ዳብሰው በትሩን አገኙት። «ይህ ቅቤ የጠገበ ነው» አሉ። «የማን እናት ነሽ?» «የፈርዶሳ።» «እንግዲያው ሃዳ ፈርዶሳ፣ ጠጋ በይልኝ፣ እኔም ልቁም» አሉ። ከዚያ ሌሎቹ ሴቶች የየራሳቸውን ይዘው መጡ። ጎረምሳው ክብሪቱን ኪሱ ከተተ። የአዴ ሰቢሪና የልጅ ልጅ መሆኑን አንቺ ነሽ በኋላ የነገርሽኝ።

ሽማግሌዎቹ «ዝንቡ ከብልቃጥ ካልመጣ ከየት መጣ?» ብለው ሲጠይቁሽ አንቺ ብዙ አስረዳሽ። አልገባቸውም፤ እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም። ስለዚህ ወደ ወንዙ ወረድኩና ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ቀሚሴን ሰበሰብኩ። ብልቃጥ አልነበረም፣ ምንም አልነበረም፤ ውኃውና እኔ ነበርን። አብዲ የመጨረሻ የቆመበት ድንጋይ መሆኑን ያወቅሁት ፊትሽን ዞሬ ሳይ ነው። መነሳት አልቻልኩም። ዝንቧ ከውኃው በኩል መጥታ እግሬ ላይ አረፈች። ዕድሜ ልኬን ዝንብ እሽ ስል ኖሬ እሷን ግን እሽ አላልኳትም። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጎንበስ ብለው አዩዋት። «ብልቃጦቹ ከጫካው ይውጡ፣ ልጅቷ ውኃው እስኪጎድል ትቆይ» ያሉት ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ፍርድ ነው ወይስ ምሕረት አላውቅም፤ በሁለት እጄ ተቀበልኩት።

አሁን ባዳሳ እንደሚለኝ ብልቃጡ ከወጣ በኋላም ዝንቡ አልቀነሰም። ንቡ ግን አልተመለሰም። ስለዚህ ጨርሼ አላረፍኩም፤ አንቺም አትዘናጊ።

ስለ ብልቃጦቹ ጠይቀሻል። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ስለፈራሁ ነው። ያን ሁሉ መንገድ ጭኔ ላይ አድርጌ አመጣኋቸው፤ ባዳሳ ጉድጓድ ውስጥ በገባ ቁጥር ረግሜዋለሁ። ጓዳ፣ ከቅቤው ርቆ፣ ጥላ ቦታ አስቀመጥኳቸው። ወረቀቱ ሲደርቅ እንዳሳየሽኝ በጠብታ አረጠብኩ። ያም ሆኖ አንዳንዶቹ ሻገቱብኝ። ይህን ሳይ የሰው አደራ የገደልኩ ያህል ደነገጥኩ። ሱቅ ዘግቼ የምገባው እነሱን ለማየት ሆነ። ገበያ ላይ ሴቶቹ «ሃዳ ቲቲሳ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትቀልቢያቸው ነው?» ይሉኛል። ይበሉ። አሁን እውነታቸውን ነው።

ከዚያ ተፈለፈሉ። የተረፉት በሙሉ። እንዳዘዝሽኝ አንድ በአንድ አልኮሉ ውስጥ ከትቼ፣ ስም ለጥፌ፣ በጥጥ ጠቅልዬ አስቀምጫለሁ። አልኮል ቤቴ ሲገባ ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ለመጠጥ አይደለም ብዬ ለመላእክቱ ነግሬአቸዋለሁ። ባዳሳ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ይዞልሽ ይመጣል፤ ጫካው ውስጥ ይዞ እንዳይገባ፣ ሪራ ላይ ወጥተሽ ተቀበዪው።

አንዷ ስትወጣ ግን አይቻታለሁ። ክንፏ እርጥብ ነበር፣ እንደታጠፈ ሻሽ። ቀስ ብላ ዘረጋችው። ትንፋሼን ይዤ ነበር የማየው። ያ ወንዝ ከእኔ ወስዶ እንጂ ሰጥቶኝ አያውቅም። ከእሱ የመጣ ነገር በሕይወት ቤቴ ውስጥ ሲንቀሳቀስ ሳይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አብዲ ቢኖር ባጃጁን አቁሞ መንገደኛውን ሁሉ ና እይ ይል ነበር። ክንፏ እስኪደርቅ ጠበቅኋት። ከዚያ እንዳልሽኝ አደረግሁ።

ሲንቄዬን ድንኳንሽ ፊት ትቼ መመለሴን ሰው ይጠይቀኛል። ሴት ያለ ሲንቄዋ ምን ትሆናለች ይሉኛል። ያንቺ በሩ ጀርባ አለ፤ እንዳይደርቅ ቅቤ እቀባዋለሁ፣ ግን አልይዘውም፣ የእኔ አይደለም። ውኃው ሲጎድል የእኔን ንቀዪና በእጅሽ አምጪልኝ። በባዳሳ እንዳትልኪው። በእጅሽ።

ዛሬ ሳነቴ ጥርት ብሎ ይታያል። ደመና የለም። ቢሆንም ከበሩ አልተነሳሁም።

እናትሽ፣
ሃዳ አብዲ፣ ሃዳ ፈርዶሳ